በሁለተኛ አጀንዳ የሞተው አባል

እኔ የሞትኩት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለተኛው አጀንዳ ላይ ነው። አንደኛው አጀንዳ የጤና ጣቢያው አጥር ቀለም ነበር፤ ሦስተኛው የተሰበሩት የሻይ ብርጭቆዎች። መሃል ላይ እኔን ሞቷል ብለው፣ አንድ ደቂቃ ቆመውልኝ፣ ተቀምጠው ወደ ብርጭቆዎቹ አልፈዋል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ከቃለ ጉባኤው ነው። በዚያች ሰዓት እኔ እህቴ ቤት፣ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ተንበርክኬ ቦይለር እገጥም ነበር።

ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። የሰፈራችን አገልግሎት ክበብ አባል ከሆንኩ ዓሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ሰባት ነን፤ ማለቴ፣ ነበርን። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ዛሬም ድረስ ሰው ሲያስነጥስ "ማነው እሱ?" ይላሉ። ጸሐፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራች፣ ፊርማ የሌለበት ወረቀት ስታይ ራሷን የሚያማት ሴት ናት። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ፣ አናጺው፣ ፋርማሲስቷና የአውቶቡስ ሹፌሩ አሉ። በየቅዳሜው ስምንት ሰዓት ላይ ከፋርማሲው ጀርባ ባለች መጋዘን ውስጥ እንሰበሰባለን። መጋዘኗ የካርቶንና የሳል ሽሮፕ ትሸታለች፤ ወንበሮቹ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰሉም፤ ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ሹፌሩ ስብሰባው እስኪያልቅ በጉልበቱ ደግፎ ይቀመጣል።

ክበባችን የሚታወቀው በፍጥነቱ ነው። ሌላው ክበብ ሲጠሩት ይደርሳል፤ እኛ ሳይጠሩን እንደርሳለን። አንድ ጊዜ እሳት ለማጥፋት በጣም ፈጥነን ከመድረሳችን የተነሳ ቤቱ ገና አልተቃጠለም ነበር። ሰውዬው ሽንኩርት ነበር ያሳረረው። እኛ ግን ድምፅ ሰጥተን ስለወጣን ባልዲውን ይዘን መመለስ ደስ አላለንም፤ ምንጣፉ ላይ አፈሰስነው። ሰብሳቢያችን ሁልጊዜ የሚሉት ነገር አለ፤ "እናጣራ ያለ ሰው ዘግይቷል።" አሠራራችን ይኸው ነው። መጀመሪያ እጅ እናወጣለን፣ ቀጥሎ እንፈርማለን፣ የሆነውን ነገር ሄደን የምናየው በመጨረሻ ነው። ሌላው ሰው ላይ ሲደርስ እኔም እያጨበጨብኩ ስወጣ ኖሬያለሁ፤ አልዋሽም።

የሞቴ ነገር እንዲህ ሆነ። ለቤታችን ብዬ የገዛሁት ቦይለር ነበር። ሳልገጥመው ሦስት ዓመት ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ባለቤቴ መተላለፊያ ስታጣ በጎኗ ታልፈዋለች። ያን ቅዳሜ ጠዋት እህቴ የእሷ ቦይለር እንደፈነዳ ደውላ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ለሰው ችግር ቶሎ የምደርስ ሰው አይደለሁ፤ የእኛን ላመጣልሽ ብዬ ቃል ገባሁ። እንዳይጫጫር በነጭ አንሶላ ጠቀለልነው፣ ከሦስት ወዛደሮች ጋር ለአራት ተሸክመን፣ እኔ ፊቴ በአንሶላው ተጋርዶ፣ ቀስ እያልን ከደጅ አወጣነው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። የንዴት ለቅሶ ነው። ከመንገዱ ማዶ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ በመስኮት ተመለከተን። አራት ሰው፣ ነጭ አንሶላ፣ የምታለቅስ ሚስት። ሦስቱን ደመረና የደንበኛውን ፀጉር በግማሹ ትቶት ወደ ሰብሳቢው ቤት ሮጠ።

ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ዕቃ መያዣዬ ውስጥ ነበር። ዓሥራ አንድ ዓመት ከስብሰባ ቀርቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ቀረሁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?

አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስመለስ በሩን የከፈተልኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ጮኸ። እኔም ደንግጬ ጮህኩ። ሳሎን ውስጥ አራቱ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አናጺው ሜትሩን አውጥቶ የበሩን መቃን ይለካል። ባለቤቴ መሃላቸው ሆና ማን እንደሞተ ገና ትጠይቃለች። ከዚያ እቅፍ፣ ሳቅ፣ ትከሻ መምታት ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ "ወንድሜ፣ ወንድሜ፣ ነፍስህን ይማር!" አለኝ፤ ሌላ ቃል አልመጣለትም። እውነቱን ልናገር፣ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ለእኔ ሲያለቅሱ ማየት ሆዴን አባባው።

ሳቁ በረድ ሲል ጸሐፊዋ ክርኔን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"አንድ ትንሽ ነገር አለች" አለችኝ።

"ምን?"

"ቃለ ጉባኤው ጸድቋል።"

"እና?"

"ተፈርሟል። ግልባጩም ለክበባቱ ፌዴሬሽን ሄዷል። የጸደቀ ቃለ ጉባኤ የሚሻረው በጠቅላላ ጉባኤ ብቻ ነው፤ ዓሥራ አራተኛው አንቀጽ። ያውም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲገኝ።"

"ጠቅላላ ጉባኤው መቼ ነው?"

"የዛሬ ዘጠኝ ሳምንት።"

"እስከዚያስ?"

ጸሐፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም። እጄን ጨበጥ አድርጋ፣ "እስከዚያማ ያው ሞተሃል። ምን ይደረግ" አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ወደ ሰብሳቢው ዞርኩ። እሳቸው ግን መነፅራቸውን አውልቀው እየጠረጉ፣ "ሥርዓት ከሌለ ክበብ የለም" አሉ። "አንተም ያጨበጨብክለት አንቀጽ ነው።" እውነታቸውን ነው። ዓሥራ አራተኛውን አንቀጽ ያጸደቅነው እኔ ሐሳቡን ደግፌ ነው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ እጇን አጣጥፋ ስታዳምጥ ቆይታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

"ለሟች ሚስት ምን ይደረግላታል?"

ጸሐፊዋ ደንቡን አወጣች። የሟች አባል ቤት ጥገና ይደረግለታል። የሟች ሚስት የባሏን ወንበር ትወርሳለች፣ ድምፅም ይኖራታል፤ ሐዘኗ እስኪወጣላት ግን እስከ ጠቅላላ ጉባኤ ድረስ ከስብሰባ ነፃ ናት። ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ "ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈሳል" አለች። "የወጥ ቤቱ በርም አይዘጋም። ጻፉት።"

በማግስቱ መጡ። አናጺው ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ሹፌሩ መሰላል ያዘ፣ ፀጉር አስተካካዩ ግቢውን አጨደ። እኔ ልርዳቸው ብነሳ ሰብሳቢው ደረቴ ላይ እጃቸውን አስቀምጠው መለሱኝ። "አንተ ተወው። ለአንተ ክብር ነው የምንሠራው።" በር ላይ ስቀበላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ባለቤትህ አለች?" ይላሉ፤ ገብተው ያጽናኗታል፤ ሲወጡ እኔንም "እግዚአብሔር ያጽናህ" ይሉኛል። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ፣ "ማን ሞቶብኝ ነው የምጽናናው?" ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ አሳዘንኩት መሰለኝ፣ "ሐዘን እንዲህ ያደርጋል" አለ ለአናጺው።

ቀጥሎ የመታሰቢያው ጉዳይ መጣ። አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ በስሜ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ሊተከል ተወሰነ። መልካም ሐሳብ ነው፤ ሰው እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጉሮሮው ይደርቃል። ችግሩ ሰብሳቢው "ማን ይገጥመዋል?" ብለው ሲጠይቁ መጣ። በሰፈሩ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ እኔ ብቻ ነኝ። መጋዘኗ ውስጥ ከበሩ አጠገብ የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሁሉም ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ።

"እኔ እኮ ሟች ነኝ" አልኩ። በልቤ ይኸው ተያዙ እያልኩ ነው።

ተንሾካሸኩ። ጸሐፊዋ ደንቡን ገለበጠች። በመጨረሻም አባል ያልሆነ በጎ ፈቃደኛ መሳተፍ እንደሚችል ተወስኖ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ለሁለት ቀን ቆፈርኩ። መስመሩን ከዋናው ቧንቧ ላይ ቀጠልኩ፣ ግፊቱን ለካሁ፣ ከሥሩ ያለውን ገንዳ በትንሹ ወደ ፊት አዘነበልኩት ውሃ እንዳይቋጥር። ከገጠምኳቸው ሁሉ የእሱን ያህል ያማረ የለም። አናጺው የሠራውን የጽሑፍ ሰሌዳ ይዞ መጥቶ ከላዩ ሰቀለው። እንዲህ ይላል፦ ለሌሎች ሲል ኖሮ ለሌሎች ሲል ላለፈው ወንድማችን።

"ለሌሎች ስል እንዴት ነው ያለፍኩት?" አልኩት። "ማን ላይ ሊወድቅ የነበረ ግድግዳ ያዝኩ?"

"ሰሌዳው ላይ ቦታ ተረፈኝ" አለ አናጺው። "ባዶ ሲሆን ያስጠላል።"

ፎቶዬም አለ። ከቡድን ፎቶ ላይ ቆርጠው ስላወጡት የፀጉር አስተካካዩ አንድ ጆሮ ከትከሻዬ ላይ በቅሏል።

በምረቃው ዕለት ሰብሳቢው የሕይወት ታሪኬን አነበቡ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። "ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለክበባችን ምሰሶ የነበረ" አሉ። ምሰሶ! ዓሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ትልቁ ምስጋና "አሁን አይፈስም አይደል?" የሚል ነበር። ጉንጬ ጋለ፣ አንጀቴ ራሰ። ሲጨርሱ ቀርቤ የተወለድኩበት ዓመት በሁለት እንደተሳሳተ ነገርኳቸው፤ እንደገና ያነቡት እንደሆነ ብዬ ነው። አላነበቡትም። ከዚያ የአካባቢው ኃላፊ ሪባን ቆረጡ፣ ቧንቧው ተከፈተ፣ ሁሉም ጠጡ። እኔም ተሰልፌ ጠጣሁ።

ቅዳሜ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚብሰው። ከምረቃው በኋላ ሰብሳቢው እንግዳ በየሳምንቱ መምጣቱ ሥርዓት አይደለም ስላሉኝ ቤት መዋል ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሰባት ተኩል ላይ ጫማዬን አድርጌ፣ ጫማዬን እንዳደረግሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎናችን መስኮቱ ሥር መኪናዋን ተክላ ትሠራለች። የሆቴል መጋረጃ ታዝዞላት ነበር፤ አርባ መጋረጃ። ቁጭ ብድግ ስል አይታ፣ "ና ይኼን ጫፍ ያዝልኝ" አለችኝ። ያዝኩላት። ጨርቁን ስወጥረው ታጠፈ ትላለች፤ ሳላላው ተንቀሳቀስክ ትላለች። ዓሥር ሜትር ጨርቅ ይዘን አንድ ሰዓት ተጨቃጨቅን። ከዚያ እኔ በራሴ ምረቃ ላይ እንዴት ተሰልፌ ውሃ እንደጠጣሁ ስነግራት ሳቀች፤ መኪናዋን አቁማ፣ ግንባሯን ጨርቁ ላይ ደፍታ ሳቀች።

ቀና ስትል አየኋት።

"መነፅር መቼ ነው ያደረግሽው?"

"የዛሬ አራት ዓመት።"

"ያምርብሻል" አልኩ። እሷም፣ "መርፌውን አቀብለኝ" አለች።

በሦስተኛው ሳምንት መቁረጥ ብቻ ሳይሆን ጠርዝ ማጠፍም ለመድኩ። ስለ ደንበኞቿ ታወራኛለች፤ ስለ አንዲት ሙሽራ በየልኬቱ ስለምትወፍር፣ ስለ አንድ ጠበቃ ኪሱን ሁሉ ከውስጥ ስለሚያሰፋ። እኔም ስለ ሰው ቤት ጉድ አወራላታለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ሰዓት ማየት እረሳለሁ። ግን ሰው ነኝ፤ ልቤ መጋዘኗ ውስጥ ነበር። ማን ሻይ ያፈላል? ማን ነው ስለ ጤና ጣቢያው ቱቦ የሚያስረዳቸው? ክበቡ ውስጥ ስገባ "መጣ፣ መጣ" የሚሉት ድምፅ ናፈቀኝ። ከዚያ ውጭ ጓደኛ የለኝም። ሞቼ ሳይሆን ተረስቼ እንዳልቀር ፈራሁ፤ ስለዚህ ሕይወቴን መልሼ ለማግኘት ቤት ለቤት ልመና ጀመርኩ።

አምስት ድምፅ ያስፈልገኛል። ጸሐፊዋ አስልታልኛለች፤ የሰባት ሁለት ሦስተኛ አራት ከስንት ከስንት ሆኖ ሰው ስለማይቆረጥ አምስት። ፀጉር አስተካካዩ ሳልጨርስ እንባው መጣ፤ "በእኔ ጦስ! እጄን ብቻ አይደለም፣ እግሬንም አወጣለሁ" አለ። ሹፌሩ ጠረጴዛውን ያለ እኔ ቀልድ መደገፍ ከብዶታል፤ እሺ አለኝ። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት፣ ነገር በማስረጃ ነው የምትወደው። ባንኮኒው ጋ አስቀምጣ ግፊቴን ለካችኝ።

"መቶ ሃያ በሰማንያ" አለች። "ጋሼ፣ እንደ ሟች ሳይሆን እንደ ጎረምሳ ነዎት። እደግፋለሁ።"

ጸሐፊዋም ድምፅ የግል ስለሆነ እንደምትደግፈኝ፣ ቃለ ጉባኤው ግን የክበቡ ስለሆነ እስከዚያች ደቂቃ ሞቼ መቆየት እንዳለብኝ አስረዳችኝ። ይኼ አራት ነው።

አናጺው ፊቱን አዞረ። ለሰሌዳው ሦስት ሳምንት እንደፈጀ ነገረኝ። ደንባችን በሕይወት ላለ ሰው መታሰቢያ አይቆምም ይላል፤ እኔ ሕያው ከሆንኩ ሰሌዳው ይወርዳል። "ፊደሎቹን በእጄ ነው የፈለፈልኳቸው" አለኝ። "አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?" ሰብሳቢው ደግሞ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምስክር ወረቀት አሳዩኝ። ፌዴሬሽኑ ለሟች አባል ቤተሰብ ፈጥኖ በመድረስ አንደኛ ብሎ የሸለመን ነው። ክበቡ ሃያ ዓመት ሲመኘው የኖረ ሽልማት።

"ይኼን መልሱ ቢሉንስ?" አሉኝ። ዓይናቸው እውነትም ፈርቷል። "አንተ እኮ በሕይወትህ ለክበቡ ብዙ ሠርተሃል። ሞትህ ግን ከሁሉ በለጠ።"

ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። ያም ሆኖ ልቤ አልወደቀም። አራት አለኝ፤ አምስተኛዋ ባለቤቴ ናት። ወንበሬን የወረሰችው፣ አንድ አልጋ የምንተኛው፣ መተንፈሴን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ። ልመና እንኳ አላስፈለገኝም። በጠቅላላ ጉባኤው ዋዜማ መጋረጃ ስናጥፍ፣ "ነገ እንግዲህ ያንቺ ድምፅ ነው" አልኳት። "አውቃለሁ" አለችኝ።

ጉባኤው ስምንት ሰዓት ተጀመረ። ባለቤቴ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፤ ስፌቷን አቋርጣ ስለመጣች ቀሚሷ አንገትጌ ላይ ስፒል ተሰክቷል። እኔ በር አጠገብ ነኝ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "የሟች አባላችን በሕይወት አለሁ ማመልከቻ" ብለው አነበቡ። ከዚያ፣ አመልካች ቁም አሉኝ። ቆምኩ። ዞር በል አሉኝ። ዞርኩ። ጸሐፊዋ "አመልካቹ ዞሯል" ብላ ጻፈች።

"በሕይወት አለ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።"

ፀጉር አስተካካዩ ሁለቱንም እጁን አወጣ፤ አንዱን አስወረዱት። ፋርማሲስቷ አወጣች። ሹፌሩ ጉልበቱ ጠረጴዛው ሥር እንደሆነ አወጣ፣ ጸሐፊዋም እየጻፈች በግራዋ አወጣች። አራት። ባለቤቴ እጇን ጭኗ ላይ እንዳጋደመች ናት። ያልሰማች መስሎኝ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። አየችኝ። እጇ አልተነሳም።

"አራት" አሉ ሰብሳቢው። "የለም የምትሉስ?"

አናጺው ዓይኑን ጨፍኖ አወጣ። ሰብሳቢው ራሳቸው አወጡ። ባለቤቴ ግን እጇን ከማውጣት ይልቅ ተነሳች።

"መናገር ይቻላል?"

"ይቻላል።"

"እኔ የስብሰባ ወግ አላውቅም" አለች። "ቅዳሜን ግን አውቃለሁ። ዓሥራ አንድ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ይኼ ሰው የናንተ ነበር። ሰው ቤት ውሃ ጠብ አለ ሲባል ይሮጣል፤ እኔ ቤቴ ውስጥ ባልዲ እደረድራለሁ። እሑድ ደክሞት ይተኛል። በሌላው ቀን ሥራ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ባልሽ ደግ ነው ይለኛል፤ እኔም አዎ እላለሁ። የት አውቄው! ከሞተ ወዲህ ግን ቤቱ ዋለ። ጨርቅ ይይዝልኛል። መያዝ አይችልም፣ ግን ይይዛል። እንስቃለን። መነፅሬን እንኳ አሁን ነው ያየው።" ስፒሉን ከአንገትጌዋ ነቅላ መልሳ ሰካችው። "በሕይወት እንዳለማ አውቃለሁ። የሚያንኮራፋው እኔ ጆሮ ሥር ነው። ግን አለ ካላችሁ ነገ ትወስዱታላችሁ። ስለዚህ እኔ የለም እላለሁ።"

እጇን አወጣች። ቀጥ አድርጋ፣ ክፍል ውስጥ መልሱን እንደሚያውቅ ተማሪ።

የሹፌሩ ጉልበት ከድቶት ጠረጴዛው ዘመም አለ። እኔ ምን እንደሆንኩ ልናገር፤ መጀመሪያ ተናደድኩ። በገዛ ሚስቴ! ዘጠኝ ሳምንት ደጅ ጠንቼ፣ ግፊቴን አስለክቼ! ንዴቱ ግን አንድ ትንፋሽ እንኳ አልቆየልኝም። ሰዎች እንዲፈልጉኝ ብዬ ስንት ቤት ሮጫለሁ፣ ከስንቱ ማጠቢያ ሥር ተንፏቅቄ ወጥቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ ቅር ብሏት የጠበቀችኝ አንዷ እሷ ነበረች፤ እኔ ደግሞ እሷን አንድ ቀን እንኳ ጠብቄ አላውቅም። አፈርኩ። ሰው ፊት እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ጸሐፊዋ ብዕሯን አንስታ በዝግታ፣ "የተቃውሞ ምክንያት መመዝገብ አለበት" አለች። "በአጭሩ።"

ባለቤቴ ትንሽ አሰበች።

"ቤቱ ስለሚፈልገው ብለሽ ጻፊው።"

ጸሐፊዋ ጻፈችው። ሲጻፍ ሰማሁት። ሰብሳቢው አንብበው ለመፈረም ሲሞክሩ ሁለት ጊዜ መነፅራቸውን አወለቁ። ከዚያ በወጉ መሠረት ወደ እኔ ዞረው፣ እንግዳችን የምትለው ካለህ ዕድሉን እሰጥሃለሁ አሉኝ። ተናገር እስክባል እንኳ አልጠበቅሁም፤ እንባዬ አገጬ ደርሷል። "የለኝም፣ ተስማምቻለሁ" አልኩ።

ባለቤቴ ቦርሳዋን አነሳች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ክንዴን ያዘች፤ የቀሩት ስምንት መጋረጃዎች ሰኞ እንደሚፈለጉ እየነገረችኝ ወደ ቤት ሄድን።